ብያለሁ

በ2068 ዓ.ም. በየካቲት ወር፣ ኢትዮጵያ ከጎረቤቶቿ ጋር ከመሠረተችው ከምሥራቅ ኅብረት ትውጣ ወይስ ትቆይ የሚለው ጥያቄ ለሕዝብ ሲቀርብ፣ የሞያሌ መናኸሪያ ከዚያ በፊት አይቶት የማያውቀው ዓይነት መንገደኛ መጣበት። ሻንጣ አልያዙም፤ ዘመድ አይጠይቁም፤ ለንግድም አልመጡም። ከአውቶቡስ ወርደው ግራ ቀኙን ካዩ በኋላ ወደ ስምሪት ክፍሉ መስኮት ጠጋ ይሉና፣ «ይቅርታ፣ እዚህ ከተማ የሚቃወመኝ ሰው የት አገኛለሁ?» ብለው ይጠይቃሉ።

መስኮቱ ላይ የምትቀመጠው የስምሪት ኃላፊዋ ጡሜ ዋሪዮ ነበረች። ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ ረጅም፣ ድምፀ ጎርናና የቦረና ሴት ናት።

«የትኛው ነዎት?» ትላለች።

«ትውጣ።»

«እንግዲያውስ አልተቸገሩም። ሞያሌ ትቆይ ናት። ፊት ለፊት ያለው ምግብ ቤት ይግቡ።»

ምግብ ቤቱ ትልልቆቹን ጠረጴዛዎች አውጥቶ በየጥጉ ሁለት ሁለት ወንበር አስቀምጦ ነበር። አንዱ ወንበር ላይ የከተማው ሰው ይቀመጣል፤ ሌላው ላይ መንገደኛው። ሥጋ ያዝዛሉ፤ እየበሉ ይነጋገራሉ። አንዳንዱ ጠረጴዛ ላይ ድምፅ ከፍ ይላል፤ አንዳንዱ ላይ እንባ ይታያል። ከዚያ አንደኛው፣ «ብያለሁ» ይላል፤ ቃሉ እንዲመዘገብ ሁለቱም መዳፋቸውን ጠረጴዛው ላይ ያሳርፋሉ። መንገደኛው ተነሥቶ ወደ አውቶቡሱ ይመለሳል።

የማድመጥ ሕግ የሚባለው ይህ ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ምርጫዎች ሰው ሁሉ የሚያየውም የሚሰማውም የራሱን ሐሳብ ብቻ ስለነበር፣ ከሁለቱ ወገኖች ያሸነፈው ሲታወቅ ሌላው የተዘረፈ ይመስለው ነበር። ከተሞች ተቃጠሉ። ከዚያ ወዲህ ሕጉ ወጣ። ድምፅ የሚሰጥ ሰው አስቀድሞ ከተቃራኒው ወገን አንድ እማኝ ይመርጣል። ያንን ሰው ያዳምጠዋል፤ ከዚያም የሰውዬውን ምክንያት ራሱ ሰውዬውን ሆኖ መልሶ ይናገራል። የምክንያቱ ባለቤት «አዎ፣ እኔ የምለው ይኸው ነው» ለማለት «ብያለሁ» ካለ የተናጋሪው ድምፅ ይቆጠራል። «አላልኩም» ካለ አይቆጠርም። እማኝነቱ የጋራ ነው፤ የተመረጠውም የመረጠውን መልሶ መናገር አለበት። አንዴ የተመረጠ አይቀየርም። ማሽን አይዳኝም፤ የሚዳኘው ሰው ነው።

ጡሜ እማኝ ለመፈለግ አልቸኮለችም። ከመናኸሪያው መንገደኞች አንዱን ትመርጣለች ብላ አስባ ነበር። መጋቢት በገባ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ቁርስ ላይ ሳለች፣ የወጥ ቤቷ መልእክት ነጋሪ ግድግዳ በስሟ ጠራት። «ጃተኒ ዋሪዮ እማኝ አድርጎ መርጦሻል» አላት።

ባሏ ኦቲየኖ ሻዩን ማማሰል አቆመ።

«ጃተኒ? የኛ ጃተኒ?»

«ሌላ ጃተኒ ዋሪዮ አለ እንዴ?»

ጃተኒ ታናሽ ወንድሟ ነው። ስድስት ዓመት አልተነጋገሩም። በዚያ በቦረና ምድር ላይ የትውጣ ዘመቻ መሪ እሱ ነበር፤ ከብት አርቢው ሁሉ የሚሰማው እሱን ነው። የጠቡ ምክንያት ደግሞ ቤቷ ውስጥ፣ ፊት ለፊቷ ሻይ እየጠጣ ነበር።

ኦቲየኖ ከኬንያዋ ኪሱሙ የመጣ የሉዎ ተወላጅ መሐንዲስ ነው። ከሃያ ሰባት ዓመት በፊት፣ ኅብረቱ በኬንያ ጠረፍ ካለው ከላሙ ወደብ የባሕር ውኃ አጣፍጦ እስከ ቦረና የሚያደርስ ቧንቧ ሲዘረጋ፣ ከቧንቧው ጋር ሞያሌ ደረሰና ጡሜን አግብቶ ቀረ። አማርኛውም ኦሮምኛውም የሞያሌ ሰው ነው፤ ሲናደድ ብቻ ነው ሉዎ የሚሆነው። ውኃው ከደረሰ በኋላ በድርቅ የሞተ ሕፃን በዚያ ምድር አልተቀበረም። በምላሹ የኢትዮጵያ ግድቦች መብራት ወደ ባሕሩ ዳርቻ ከተሞች ይወርዳል። ውኃ ይወጣል፤ መብራት ይወርዳል። የኬንያና የኢትዮጵያ ወሰን የነበረው፣ ሞያሌን ለሁለት ይከፍል የነበረው መስመር አስፋልቱ ላይ እንኳ አይታይም ነበር። የጡሜና የኦቲየኖ ቤት በስተደቡብ፣ መናኸሪያው በስተሰሜን ነው፤ መስመር መሻገሯን አስታውሳ አታውቅም።

ነገር ግን ከስድስት ዓመት በፊት ከኅብረቱ መቀመጫ ከሞምባሳ ትእዛዝ መጣ። የከርሰ ምድር ውኃ እንዲያርፍ፣ ቧንቧ በደረሰበት ሁሉ የቆዩ ጉድጓዶች ይዘጉ ተባለ። የነጡሜ አባቶች የቆፈሩት፣ ሰው በሰው ላይ ቆሞ ውኃ የሚቀባበልበት ጥልቁ የውኃ ጉድጓድ፣ ኤላ ጉራቻም ተዘጋ። ሲሚንቶውን ያፈሰሰው ኦቲየኖ ነበር። ጃተኒ ዳር ቆሞ እስከ መጨረሻው አየ። ሲያልቅ፣ «ከዛሬ ጀምሮ እህትም አማችም የለኝም» ብሎ ሄደ።

«አትሂጂ» አለ ኦቲየኖ። «ሊያዋርድሽ ነው የመረጠሽ።»

«ካልሄድኩ ድምፄ ይቀራል።»

«የሱም ይቀራል።»

ይህን ያሰበው ኦቲየኖ ብቻ አልነበረም። በማግስቱ የትቆይ ዘመቻ የደቡብ አስተባባሪ የሆነችው ማስተዋል ከሐዋሳ ደወለች። ለስላሳ፣ የተማረች፣ ነገር የምትመዝን ወጣት ናት።

«ወይዘሮ ጡሜ፣ እንኳን ደስ ያለዎት አልልም፤ ግን ዕድሉ ከእጅዎ ገብቷል» አለች። «እማኝ ያላገኘ የዘመቻ መሪ በመጨረሻው ጉባኤ ላይ መናገር አይችልም። ወንድምዎ ካልተናገረ የቦረና ድምፅ ይሳሳል። ልዩነቱ ደግሞ በጣም ጠባብ ነው።»

«እና?»

«እናማ፣ አላልኩም ማለት ብቻ ነው። ሕግ አይጥሱም። ማንም አይጠይቅዎትም።»

«እሱ ጥሩ አድርጎ ቢናገርስ?»

«የአገር ጉዳይ ነው፣ ወይዘሮ ጡሜ። ባለቤትዎም አሉ። ኢትዮጵያ ከወጣች እሳቸው ምን እንደሚሆኑ እኔ ልነግርዎት አይገባም።»

ጡሜ አላሳፈረቻትም፤ እሺም አላለቻትም። ቅዳሜ ጠዋት በአውቶቡስ ተሳፍራ ወደ ወንድሟ ሄደች።

ጃተኒ አውቶቡሱ እስከሚቆምበት መንገድ ወርዶ ጠበቃት። ጢሙ ሸብቷል። ሰላምታው አጭር ነበር፤ ስለ ልጆቹ ጠየቀችው፣ ስለ ልጆቿ ጠየቃት፣ ስለ ኦቲየኖ አልጠየቀም። ከግራር ሥር ሁለት በርጩማ ተቀምጦ ነበር። ወተት አቀረበላት። ጠጣች።

«ማን ይጀምር?» አለ።

«አንተ ነህ የመረጥከኝ። የምትለውን በል፤ እኔ ልስማህ።»

ተናገረ። ስለ ከብት ቁጥር ገደብ፣ ስለ መብራቱ ዋጋ፣ ሞምባሳ ላይ ኢትዮጵያ ስላላት የወንበር ብዛት። ጡሜ በደንብ ሰማች፤ መናኸሪያ ላይ ብዙ ጊዜ የሰማችው ነገር ነው። ከዚያ በራሷ አንደበት፣ እሱን ሆና መለሰችው፤ አንድም ነገር አላስቀረችም።

«አላልኩም» አለ።

«ቃል በቃል ነው እኮ የተናገርኩት!»

«ቃሉን ነው የተናገርሽው። እኔን አልተናገርሽም።»

ተናደደች። «እሺ፣ ተራህ ነው። አንተስ እኔን በል።»

ጃተኒ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ ጡሜ ነኝ። ባሌ ከማዶ ነው። አገሬ ከወጣች ባሌ የውጭ ሰው ይሆናል። ቤቴ ማዶ፣ ሥራዬ ወዲህ ነው። ስለዚህ ትቆይ እላለሁ።»

ሐሰት አልነበረም። ቢሆንም ጡሜ ስትሰማው ትንሽ ሰው፣ ስለ ቤቷ ብቻ የምታስብ ሴት ሆና ታየቻት።

«አላልኩም» አለች። ግማሹ እውነት ነበር፤ ግማሹ ብድር መመለስ።

ከብት የሚጠጣበት ሰዓት ደርሶ ስለነበር ጃተኒ ተነሣ። እሷም ተከተለችው። የኅብረቱ ገንዳ ረጅም፣ ነጭ፣ ንጹሕ ነው። ከላዩ ክዳን አለው። የጆሮ ምልክት ያላት ላም ስትጠጋ ከፊቷ ያለው ክዳን ይከፈታል፤ ስትጠግብ ይዘጋል። ላሞቹ ለምደውታል፤ ሰው ሳይነዳቸው በየተራቸው ይገባሉ። ድምፅ የለም፤ ሰው አይዘፍንም፣ አይጣራም። ክዳኑ ብቻ ቀስ ብሎ ይከፈታል፣ ይዘጋል።

አንዲት ጡት የተወች ቀይ ጥጃ እናቷን ተከትላ መጣች። እናቷ ጠጣች። ጥጃዋ አፏን ስታስጠጋ ክዳኑ ተዘጋ። ወደ ሌላው ሄደች፤ እሱም ተዘጋ። በአፍንጫዋ ገፋችው። ተመልሳ እናቷን አየች።

«ምን ሆና ነው?» አለች ጡሜ።

«አልተመዘገበችም። ገደቡ ሞልቷል። አንዷን ካልሸጥኩ አትመዘገብም፤ መሸጡም በፈቃድ ነው፤ ፈቃዱ ገና አልመጣም።»

«ለማን ነው የምታመለክተው?»

«ለገንዳው።»

የሚቀልድ መስሏት ነበር። አልቀለደም። ገንዳው ጎን ላይ ያለችውን ትንሽ የድምፅ ወንፊት አሳያት። «እዚህ ትናገሪያለሽ። ‹ጥያቄዎ ተመዝግቧል› ይላል። ድምፁ ትሑት ነው። ሦስት ጊዜ ተናገርኩ። አንድ ቀን ጮኽኩበት። ‹ጥያቄዎ ተመዝግቧል› አለኝ፣ ያው በዚያው ድምፅ። ወረዳ ሄድኩ፤ እኛ አይደለንም አሉ። ዞን ሄድኩ፤ እነሱም አይደሉም። ሰዎቹ ደግ ናቸው፣ ያዝናሉ።»

ይህን ብሎ ባርኔጣውን አወለቀና አንዲት ላም ስትጠጣ ከጎኗ እጁን አስገብቶ ቀዳ። ክዳኑ ክንዱን ያዘው፤ ጎትቶ አወጣው። ቆዳው ላይ የቆዩ ጠባሳዎች ነበሩ። ባርኔጣውን ለጥጃዋ አቀረበላት። ጥጃዋ ስትጠጣ ሃምሳ ዓመት የደረሰው ወንድሟ፣ ሰው አየኝ አላየኝ ብሎ እንደሚሠርቅ ሰው፣ ዙሪያውን ተመለከተ።

ጡሜ እዚያው ገንዳው አጠገብ ቆማ ተናገረች።

«እኔ ጃተኒ ነኝ» አለች። «ይህን ውኃ አልጠላም። ልጆቼ ያደጉበት ነው። ከጎረቤት አገር ጋር መኖርንም አልጠላም። ነገር ግን የአባቴን ኤላ የዘጋውን ሰው አላውቀውም። ሲሚንቶውን ያፈሰሰው አማቼ ነው፤ እሱ ግን አላዘዘም። አለቃውም አላዘዘም። ሁሉም ከላይ ነው የመጣው አሉኝ። የምቆጣው ሰው ስላጣሁ በቅርቤ ያለውን ተቆጣሁ። ስድስት ዓመት እህቴን ያጣሁት በዚህ ነው። የሚያዘኝ ሰው ደጁን የማውቀው ይሁን። ሲሳሳት ሄጄ የምጮኽበት ፊት ይኑረው። ቢበድለኝም የማውቀው ይበድለኝ።»

ጃተኒ ባርኔጣውን አራገፈ።

«ብያለሁ» አለ።

መዳፋቸውን ገንዳው ጠርዝ ላይ አሳረፉ። የጡሜ ድምፅ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የሚቆጠር ሆነ። እሱ የሚያስፈልጋትን ሰጥቷታል። የሱ ግን ገና በእጇ ነው።

ወደ ግራሩ ተመለሱ። «እንደገና ልሞክር» አለ። አልተቀመጠም፤ ጀርባውን ለዛፉ ሰጥቶ ቆመ።

«እኔ ጡሜ ነኝ። በሁለት ሺህ ሠላሳው ድርቅ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። እናታችን ትንሿን እህታችንን ሎኮን አሳዝላኝ ከወንድሜ ጋር ወደ ሞያሌ ላከችን። ወንድሜ ጀሪካን ይዟል። ደረስን። ከመስመሩ ማዶ የውኃ ቦቴ ቆሞ ነበር፤ ከበታቹ ሲንጠባጠብ ይታየን ነበር። ጠባቂው ወረቀት ጠየቀን። ወረቀት የለንም። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ላብ አጥምቆት፣ ዓይናችንን ማየት አቅቶት ነበር። ‹ታዝዤ ነው› አለ። ወንድሜ እግሩ ላይ ወደቀና ለመነው። እኔ አልለመንኩም። ወንድሜ እስከ ዛሬ ለምን እንዳልለመንኩ ጠይቆኝ አያውቅም። እኔም አልነገርኩትም።»

ትንፋሹን ሰበሰበ።

«ያልለመንኩት ሎኮ ጀርባዬ ላይ መክበዷን ስላወቅሁ ነው። ተኝታ አይደለም የከበደችው። ወንድሜ እንዳያውቅ ብዬ ዝም አልኩ፤ እሱ መለመኑን እንዲቀጥል ተውኩት። ከዚያ ወዲህ ባለሥልጣን ሞምባሳ ይቀመጥ አዲስ አበባ ግድ የለኝም። ፊቱን ባላውቀውም ግድ የለኝም። ያ መስመር አስፋልቱ ላይ እንዳይመለስ ብቻ ነው የምፈልገው።»

ጡሜ በሁለት እጇ አፏን ይዛ ነበር።

«እንዴት አወቅህ?»

«ስትመለሺ አላወረድሻትም። በኋላ መንገድ ላይ ውኃ ስናገኝም አላወረድሻትም። የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ እንጂ ዕውር አልነበርኩም።»

ማስተዋል የነገረቻት ቀላል ቃል በአፏ ውስጥ ነበር። አላልኩም ብትል ማንም አይጠይቃትም። ወንድሟ ጉባኤው ላይ አይቆምም፤ ኦቲየኖ ምናልባት ማንም ሳይጠይቀው እንደ ወትሮው ቤቱ ይገባል። ይህን ሁሉ አሰበች። ጃተኒም እያሰበች መሆኑን ያውቅ ነበር፤ አላቻኮላትም።

«ለምን እኔን መረጥክ?» አለችው። «ከተማው በትቆይ ሰው ተሞልቷል። ማንም እሺ ይልህ ነበር።»

«ሌላውን ሰው ደግሜ ብናገረው ምን ይጠቅመኛል? ልወጣ የተነሣሁት ከኅብረቱ ነው፤ ካንቺ ግን ሳላስበው ወጥቻለሁ። መመለሻው ጠፍቶኝ ነበር።»

ጡሜ ዓይኗን ጠረገች።

«ብያለሁ» አለች።

ጉባኤው የተካሄደው በሚያዝያ ነበር። ጃተኒ የተናገረው አጭር ነው፤ ስለ ገንዳው ብቻ ነው የተናገረው። አገሩ ሁሉ ያቺን ቀይ ጥጃ አወቃት። ማስተዋል ደውላ አልተሳደበችም፤ «ጥሩ ተናገረ» ብቻ አለች፣ ዘጋችም። በግንቦት ድምፅ ተሰጠ። ሞያሌ ትቆይ አለች። ቦረና ትውጣ አለ። አገሪቱ በጣም ጠባብ በሆነ ልዩነት ትውጣ አለች። የተቃጠለ ከተማ ግን አልነበረም። የተሸነፉት ሰዎች አዝነው ቤታቸው ገቡ፤ የተሸነፉበትን ምክንያት ቢያንስ ከአንድ ሰው አፍ ሰምተውት ነበር።

ውጤቱ በተሰማ ዕለት ኦቲየኖ እንደ ወትሮው ሥራ ሄደ። ማታ ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ ተቀመጠ።

«ሃያ ሰባት ዓመት ቧንቧ ጠገንኩ» አለ። «አሁን ግማሹ ቧንቧ የኔ አይደለም ሊሉኝ ነው።»

«አላልኩም ብል ኖሮ...» ብላ ጀመረች ጡሜ።

«ብትይ ኖሮ» አለ ኦቲየኖ፣ «ስድስት ዓመት የነበረውን ጠብ ስልሳ ታደርጊው ነበር። ተይው። ራቴን ስጪኝ።»

ያም ሆኖ ለወንድሟ አልደወለችም። ልቧ አልፈቀደላትም። እሱም ገብቶት አልደወለም።

በክረምቱ ድርድር ተጀመረ። በሕጉ መሠረት ተደራዳሪ የሚሆነው የሌላውን ወገን ምክንያት ተናግሮ የተመሰከረለት ሰው ነው፤ ጃተኒም ከተመረጡት አንዱ ሆኖ ሞምባሳ ሄደ። ባሕር ሲያይ የመጀመሪያው ነው። ስብሰባው በየግድግዳው ይታይ ነበር፤ የሚታየው ግን ደስ አይልም። ኅብረቱ፣ የወጣ አገር የቧንቧ ውኃ አይገባውም አለ። የኢትዮጵያ ተደራዳሪዎች፣ እንግዲያውስ የባሕሩ ከተሞች በጨለማ ይደሩ አሉ። አንዱ ቧንቧው ላይ፣ ሌላው ማብሪያው ላይ እጁን አድርጎ ሳምንታት አለፉ። ሞያሌ ላይ ሰዎች በርሜል መሙላት ጀመሩ። አስፋልቱን የሚቆርጥ ነጭ ቀለም ተቀባ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጡሜ መናኸሪያው ውስጥ አውቶቡስ ስታሰማራ፣ የመንገደኞች መጠበቂያ ክፍሉ ግድግዳ ላይ የወንድሟን ፊት አየች። ጃተኒ ከመቀመጫው ተነሥቶ ነበር።

«የራሴን ምክንያት ተናግሬ አሸንፌበታለሁ» አለ። «ዛሬ የምናገረው ያሸነፍኳትን ሴት ነው። ፈቃዷን አልጠየቅሁም፤ ስመለስ ትቀጣኝ። እኔ ጡሜ ነኝ።»

ሹፌሮቹ ሞተር አጠፉ። ጃተኒ ሁሉንም ተናገረ፤ ቦቴውን፣ ጠባቂውን፣ የሎኮን መክበድ። ሲጨርስ በራሱ ድምፅ እንዲህ አለ፦ «ወገኖቼ፣ እኔ የወጣሁት ማንነቱ ያልታወቀ ሰው እንዳያዘኝ ነው። ያ ጠባቂም ማን እንዳዘዘው አያውቅም ነበር። ዛሬ ቧንቧውን ወይም መብራቱን የሚያዘጋ ሰው ካለ፣ ስሙን ይናገርና እዚህ መሐል ይቁም፤ ፊቱን እንየው።»

ማንም አልቆመም። በአዳራሹ ውስጥ ወንበር ሲንቀሳቀስ ይሰማ ነበር። መናኸሪያው ውስጥ ያሉት ሰዎች ወደ ጡሜ ዞሩ፤ ከዚያ ዞር ብለው ተዉአት። እሷ የስምሪት ክፍሏን ዘግታ አለቀሰች። የተቆጣች መስሏት ነበር፤ ስትጨርስ ግን ቀለላት። አርባ ዓመት ብቻዋን የተሸከመችውን ሌሎች ሰዎች ይዘውላታል።

ስምምነቱ በዚያ ቀን አልተፈረመም። ወራት ፈጀ፤ ሁሉም ወገን የሚያማርርበት ሆኖ ተፈረመ። የከብቱ ቁጥርና ኤላዎቹ ወደ አካባቢው ሰው ተመለሱ። ውኃውና መብራቱ፣ ጠብ ቢነሣም እንኳ፣ አይዘጉም ተባለ። ሞያሌ ላይ በር ይቆማል፤ ነገር ግን የከተማው ነዋሪ የየትም ዜጋ ቢሆን በነጋም በመሸም ያልፋል፣ ይሠራል፣ ይታከማል። የጎደለም ነበር። ዱቄት ተወደደ። ናይሮቢ ይማሩ የነበሩ ብዙ ልጆች ትምህርታቸውን ወደ አገራቸው ማዛወር ነበረባቸው። አንዳንድ ሱቆች ተዘጉ፤ ከነሱ አንዳንዶቹ በኋላ ተከፈቱ፣ አንዳንዶቹ ቀሩ።

ጃተኒ ከሞምባሳ እንደተመለሰ የእህቱን ደጅ አንኳኳ። የከፈተለት ኦቲየኖ ነበር። ሁለቱ ሰዎች ደፉ ላይ ተፋጠጡ።

«ኤላውን የዘጋኸው አንተ ነህ» አለ ጃተኒ። «የምትከፍተውም አንተ ነህ።»

«ያስቸግራል» አለ ኦቲየኖ።

«ለምን?»

«በጣም አጥብቄ ነው የደፈንኩት። ሥራ አላበላሽም።»

ጃተኒ ሊቆጣ አስቦ ነበር፤ ሳቁ ቀደመው። ኦቲየኖም ሳቀ። ጡሜ ከጓዳ ስትወጣ ሁለቱም ደፉ ላይ እጅ ለእጅ ተያይዘው ነበር።

ሲሚንቶውን ለመስበር ሳምንት ፈጀባቸው። ኦቲየኖ ከነሠራተኞቹ መጣ፤ የአካባቢው ሰው ዶማ ይዞ መጣ። በመጨረሻው ቀን የመጀመሪያው ባልዲ ከሰው ወደ ሰው እየተላለፈ ወጣ፤ ውኃው ጭቃማ ነበር፣ ማንም አልጠጣውም፣ ሁሉም ግን እጁን ነከረበት። ከዚያ ሦስቱ አብረው፣ በጃተኒ መኪና፣ ራት ሊበሉ ወደ ጡሜ ቤት ተመለሱ።

በሩ ከቆመ ጥቂት ቀኑ ነበር። ሁለት መግቢያ አለው፤ በአንዱ ዜጎች፣ በሌላው የውጭ ዜጎች ያልፋሉ። የዜጎቹ ባዶ ነው። የውጭ ዜጎቹ ሰልፍ እስከ መናኸሪያው አጥር ይደርስ ነበር። ኦቲየኖ ከመኪናው ወርዶ ወደ ሰልፉ ሄደ። ጡሜ ከጎኑ ቆመች። ጃተኒም መኪናውን አቁሞ መጣና ከኋላቸው ቆመ። ልብሱ በሙሉ ሲሚንቶ ነበር።

ከሰሜን በቅርቡ የተመደበች ወጣት ጠባቂ ጃተኒን አይታ ቀረበችው።

«አባቴ፣ እርስዎ በዚህ አይደለም። ዜጎች በዚያ ነው፤ ሰልፍ የለውም።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ። ይህ በር እንዲቆም ድምፅ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ሰው ስንት ሰዓት እንደሚያስቆም ልየው ብዬ ነው።»

ወጣቷ ፈገግ አለች። «ስምሽን ትነግሪኛለሽ?» አላት ጃተኒ መልሶ። «አለቃሽንስ ማን ይሉታል? የት ነው የሚቀመጠው?» ሁሉንም ነገረችው። ቢሮው ከዚያው ከበሩ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር ያለው ክፍል ነበር። ጃተኒ ሰማያዊውን በር ልብ ብሎ አየ፤ ነገ ጠዋት ማን ደጅ ቆሞ እንደሚገኝ ጡሜ ገባት።

ሰልፉ ትንሽ ፈቀቅ አለ።

«እኔ ዛሬም ተሳስተሃል ነው የምለው» አለችው።

«ምናልባት።»

«ከሰባት ዓመት በኋላ እንደገና ይጠየቃል፤ ተመልሰን እንግባ ወይ ተብሎ።»

«ያኔ ማንን እማኝ ትመርጫለሽ?»

«አንተን ነዋ። ግን እስከዚያ በየሳምንቱ እየመጣህ ትበላለህ። ያን ሁሉ ዓመት ጠፍተህ በአንድ ቀን ተደምጠህ አታልቅም።»

ተራቸው ደረሰ። ኦቲየኖ መዳፉን መቆጣጠሪያው ላይ አሳረፈ። ጠባቂዋ ፊቱን፣ ከዚያ በሲሚንቶ የነጣ ልብሱን፣ አብረውት የቆሙትን ወንድምና እህት አየች።

«ወዴት ነው የሚሄዱት?» አለችው።

«ወደ ቤቴ» አለ ኦቲየኖ። «ቶሎ በይልኝ፣ እንግዳ ይዣለሁ።»